አያትህ የተማሩት በየትኛው ዘመን ተፈሪ መኰንን ነው?

ወንድሜ፣ «አያቴ ከመንዝ ሞላሌ ሄደው አዲስ አበባ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተምረዋል፣ ፈረንሳይኛም ይሞካክሩ ነበር፤ ታዲያ ከጣሊያን በፊት ነው ወይስ በኋላ? ወንድ ብቻ ነበር የሚባለውስ እውነት ነው? ያን ጊዜ እንዴት ሄደው ይሆን?» ብለህ ጠይቀሃል። ደብረ ብርሃን ታሪክ ሳስተምር ስለኖርኩ «ይቺን የአባቴን ወረቀት እስቲ እዩልኝ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አጎቴም እዚያው የተማረ ነው። እንግዲህ የማውቀውን ልበልህ።

በመጀመሪያ ፈረንሳይኛው አያታልልህ። «ፈረንሳይኛ ካወቁማ የጥንቱ ናቸው» የሚሉህ ይኖራሉ። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ትምህርት ቤቱን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በገዛ ገንዘባቸው አሠርተው በሚያዝያ 1917 ከፈቱት፤ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መውጣት የጀመረበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት በ1900 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነበረ። የተፈሪ መኰንን የበላይ ተቆጣጣሪ የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ናቸው፤ በመቅደላው ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች በሕፃንነታቸው ወስደው ሕንድ አገር ያሳደጓቸው። እሳቸው የእንግሊዝኛ ሰው ቢሆኑም በትምህርቱ የገነነው ፈረንሳይኛ ነው። ምን ይደረግ፣ ባቡሩ የፈረንሳይ፣ ራስ ተፈሪም ሐረር በልጅነታቸው የተማሩት ፈረንሳይኛ። ስለዚህ ከጠላት በፊት የተማረ ሰው ፈረንሳይኛ ቢያውቅ አይደንቅም።

ከነጻነት በኋላስ? በ1937 ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤቱን ጀስዊት ለሚባሉ ካናዳውያን የካቶሊክ መነኮሳት ሰጡ። እነዚህ ከኩቤክ የመጡ፣ አፋቸውን በፈረንሳይኛ የፈቱ ሰዎች ናቸው፤ የሚያስተምሩት ግን በእንግሊዝኛ ነበር። ከእነሱ ጋር የዋለ ልጅ ሁለት ሦስት ቃል ፈረንሳይኛ ቢለቅም ምን ይገርማል? የአያትህም «ሙከራ» ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል።

አጎቴ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ፎቶ ነበረችው። ልጆቹ በሁለት ረድፍ ቆመዋል፣ መካከል ላይ ሦስት ፈረንጆች ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ተቀምጠዋል። «እነዚህ ቄሶች ናቸው» ሲለን «ቄስ ደግሞ ያለ ቀሚስ፣ ያለ መስቀል?» ብለን እንስቅበት ነበር። እውነቱን ነው። ንጉሡ ሲያስመጧቸው ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ፣ ልብሰ ክህነትም እንዳይለብሱ ተነግሯቸው ነው የገቡት። አጎቴ በድቁና ሄዶ በድቁናው ተመልሷል፤ አንድም ቀን «ና ወደኛ» ያለው አልነበረም። የትምህርት ቤቱ አለቃ የነበሩት ሉሲየን ማት ኋላ በ1943 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ናቸው።

ከጣሊያን በፊት ተምረው ቢሆን ግን በቤታችሁ ሌላ ወሬ ይኖር ነበር ባይ ነኝ። በ1927 የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ሲከፈት እጩ መኮንኖቹ ከተመለመሉባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ ተፈሪ መኰንን ነው። ማይጨው ላይ ጦሩ ከተፈታ በኋላ በሚያዝያ 1928 እነዚያ ወጣቶች ከስዊድናዊው አሠልጣኛቸው ከካፒቴን ታም ጋር የተላኩት ወዴት መሰለህ? እዚሁ ጣርማ በር! ከደሴ የሚመጣውን ጠላት ሊያግዱ። ዛሬ አውቶቡስ ላይ ሆነን በዋሻው ሾልከን የምናልፈው ገደል ማለት ነው። ጠላት ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ፤ ከልጆቹም አንዳንዶቹ ወደ ምዕራብ ዘልቀው ጥቁር አንበሳ ከሚባሉት አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ደግሞ ፊደል የቆጠረ እየታደነ ተገደለ። እንግዲህ ያን ጊዜ አዲስ አበባ የተማረ ሰው በሕይወት ከተረፈ እንዴት እንደተረፈ ሳያወራ አይሞትም። ከአያትህ እንዲህ ያለ ሰምተህ ታውቃለህ?

ወንድ ብቻ መሆኑ እውነት ነው፤ ለሴቶች እቴጌ መነን የተከፈተው ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ቢከፈትስ ከሞላሌ ሴት ልጁን አዲስ አበባ የሚሰድድ አባት ከየት ይመጣል?

አሄዳቸውንም ጠይቀሃል። የአጎቴን ልንገርህ፤ የአያትህም ከዚህ ብዙ አይርቅም። መጀመሪያ የኔታ ዘንድ ዳዊት ደገመ። ከዚያ ቆሎና በሶውን ቋጥሮ፣ ባናውን ደርቦ ደብረ ብርሃን ድረስ በእግሩ፣ ቀሪውን 130 ኪሎ ሜትር በጭነት መኪና ላይ። አዳሪ ሆኖ እስኪገባ ዘመድ ቤት ውሃ እየቀዳ፣ እንጨት እየፈለጠ ቆየ። በ1930 የወደቁት አርበኛ የደጃዝማች ኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተሰጠው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደብረ ብርሃን ላይ ከተከፈተ ወዲህ ነው የእኛ ልጅ ከዚህ መንከራተት የዳነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የትምህርት ማስረጃ ካላችሁና በእንግሊዝኛ ከሆነ ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጅ ነው። 1951 የሚል ካየህ በእኛ 1943 ወይም 44 ነው። ይህን ሳያስተውሉ አባታቸውን ስምንት ዓመት አሳንሰው የሚቆጥሩ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል። ማኅተሙ «እንጦጦ» የሚል ከሆነ ደግሞ ያ ከአብዮቱ በኋላ የተሰጠ ግልባጭ ነው፤ ደርግ ስሙን ስለቀየረው። ግቢው ያው ነው፣ ከስድስት ኪሎ ከፍ ብሎ፤ ኋላ የቴክኒክና ሙያ ሆኗል።

ወረቀትም ከሌለ የቀሩትን የአያትህን ታናናሾች ጠይቅ። በዓመተ ምሕረት ግን አትጠይቃቸው፣ አይዙትም። «ጣሊያን ሲገባ ወንድምዎ ከብት ይጠብቅ ነበር ወይስ አዲስ አበባ ነበር?» በላቸው፤ ወዲያው ይነግሩሃል። ከሳጥን ፎቶ ከወጣም ፊቱንም ጀርባውንም አንሥተህ እዚሁ ለጥፈው። አብዛኛውን ጊዜ ስምና ዓመት የሚጻፈው ጀርባው ላይ ነው።