ሒሳብ ሳይዘጋ ፒችትሪ አይነካም

ጥያቄ፦ የምሠራው በሐዋሳ በሚገኝ የሕንጻ መሣሪያ መሸጫ ነው። ሒሳባችንን የምንይዘው በፒችትሪ 2010 ሲሆን ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ነው። ቴክኒሻናችን «የዊንዶውስ 10 ጊዜው አልፏል፤ ወደ 11 እንለፍ፣ ፒችትሪውንም በአዲስ እንተካው» ይላል። የድርጅቱ ባለቤት ግን «የሚሠራ ነገር አይነካም» ባይ ናቸው። የማንን ልስማ?
የሒሳብ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ስለ ዊንዶውሱ ቴክኒሻኑን፣ ስለ ፒችትሪው ባለቤቱን ይስሙ። ጠቡ የመጣው ሁለቱን ጉዳይ አንድ ላይ ስላሰሯቸው ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ ግን የሚደፍንለት የለም። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓለምን ሲያምስና የብሪታንያ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሲሰርዙ፣ መከላከያው ከተለቀቀ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ስለዚህ የደህንነት ማሻሻያ በወጣበት ሳምንት ይጫን እላለሁ፤ እዚህ ላይ ድርድር አላውቅም።

አዲስ ስሪት ሲሆን ግን እኔም ባለቤቱን እሆናለሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ሰነድ አጥፍቶ በቀናት ውስጥ እንዲታገድ ተደርጓል። የተጎዱት ቀድመው የጫኑት ናቸው። ጥቂት ወራት ሌላው ይሞክረው የምለው ለዚህ ነው። ዊንዶውስ 11 ግን የወጣው በመስከረም 2014 ዓ.ም. ስለሆነ በበቂ ሁኔታ ተሞክሯል።

የእናንተ ኮምፒውተር ይችለዋል ወይ? ኢንቴል ከሆነ ፕሮሰሰሩ በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ መሆን፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደህንነት ክፍልም ሊኖረው ይገባል። ባይኖረው ቴክኒሻኑ «ዘዴ አለኝ» ይልዎታል፤ ዘዴው በእርግጥም አለ። ግን በዚያ መንገድ ለተጫነ ዊንዶውስ ማይክሮሶፍት ማሻሻያ ለመላክ ዋስትና አይሰጥም፤ የድርጅት ሒሳብ ባለበት ኮምፒውተር ላይ አልሞክረውም። ለድርጅቶች የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ በክፍያ ይሸጣል፤ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ለአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ዶላሩን የመክፈያ መንገድ መፈለግ አለ። (ዊንዶውሱ ያለ ፈቃድ የተጫነ ከሆነ ደግሞ የጫነው ሰው ማሻሻያውን ዘግቶት እንደሆነ ይፈትሹ። ከዘጋው ለእናንተ ድጋፉ የቆመው ገና ያኔ ነው።)

ወደ ፒችትሪው ስንመጣ፣ ተተኪው ዛሬ ሴጅ 50 በሚል ስም ይሸጣል። የድርጅቱ ፋይል አንድ ጊዜ ወደ አዲሱ ስሪት ከተለወጠ አሮጌው ፕሮግራም መልሶ አይከፍተውም። በዚህ ምክንያት በሥራ ላይ ባለው ፋይል አይጀመርም። ባክአፑን (የመጠባበቂያ ቅጂውን) ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያውጡና በአዲሱ ይክፈቱት፤ ከዚያ የሰኔ 30ን ትሪያል ባላንስ (የሁሉም ሒሳቦች ቀሪ ዝርዝር) ከሁለቱም አትመው መስመር በመስመር ያስተያዩ። በሳንቲም ቢለያይ እንኳ ምክንያቱ ሳይታወቅ አይለፉት።

ጊዜውን የሚወስነው የእርስዎ የግብር ወቅት ነው። ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ከሆናችሁና የሒሳብ ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ፣ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ፒችትሪን ማንም አይንካው። ኅዳር ጥሩ ወር ነው፤ እሱም የወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከተስተናገደ በኋላ።

ዊንዶውሱ ከመቀየሩ በፊት ፒችትሪ 2010 ዊንዶውስ 11 ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ መነሳቱን ብቻ ሳይሆን ደረሰኝ ማተሙን ይሞክሩ። ፓወር ግዕዝ በተባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፉ ደብዳቤዎች ካሏችሁም የፊደሉን ፋይል (ፎንቱን) አስቀድመው ይቅዱ፤ አለዚያ ጽሑፉ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ቴክኒሻኑ «በአንድ ቅዳሜ ሁሉንም እጨርሳለሁ» ካለ ዊንዶውሱን ብቻ ይስጡት፤ ባክአፑ ያለበት ሃርድ ዲስክ ግን ያን ቀን ከእርስዎ ጋር ይዋል።