መልስ፦ የአቬንጀርስን ቪአር ከልጆቹ ጋር ልሞክር ወይ?

ሰላም እህቴ፣ ቪዲዮ አይተሽ ላስ ቬጋስ ካሉት የወንድምሽ ልጆች ጋር የአቬንጀርስን (የማርቭል ፊልም ጀግኖችን) ቪአር፣ ማለትም በልዩ መነጽር ምናባዊ ዓለም ውስጥ የሚያስገባውን ጨዋታ፣ ለመሞከር አስበሽ ማዞሩን ፈርተሻል። መጥፎውን ላስቀድም፦ ያየሽው ቪዲዮ የቆየ ነው። ጨዋታው፣ «ዳሜጅ ኮንትሮል» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ አካባቢ ዘ ቮይድ በተባሉት የቪአር ማዕከላት ተከፈተ፤ በ2020 ኮሮና ሲመጣ ማዕከላቱ ተዘጉ።

በጣም ያሳዝናል፣ ሥራው ድንቅ ነበርና። እስከ አራት ሆናችሁ ትገቡ ነበር። መነጽሩን ታጠልቁ፣ ኮምፒውተሩን ከጀርባችሁ ታዝሉ ነበር። በፊልሞቹ ውስጥ ያለችው የምናባዊቷ አገር የዋካንዳ ልዕልት ሹሪ አዲሱን የጀግና ልብስ እንድትሞክሩ ትጠራችሁ ነበር፤ ድምፁም የራሷ የተዋናይቷ የሌቲሺያ ራይት ነበር። መዳፍሽን ስትዘረጊ የኃይል ጨረር ይወጣ ነበር። በመነጽሩ ውስጥ የምታዪውን ግድግዳ በእጅሽ ስትነኪው በእውነትም ነበር! ልጆች የሚያብዱት እዚህ ጋ ነበር።

ስለ ማዞሩ፦ ብዙ ጊዜ የሚያዞረው ዓይን እየሄደ ሰውነት ሲቆም ነው። በእግርሽ የምትሄጂበት ዓይነት ግን ሁለቱን ስለሚያስማማ ለብዙ ሰው ቀላል ነው። ስለዚህ ወንበር ላይ የሚያስቀምጠውን ተዪው።

አሁን እዚያው ላስ ቬጋስ ሳንድቦክስ ቪአር የሚባል፣ በእግር እየተንቀሳቀሱ የሚጫወቱበት ሌላ የቪአር ማዕከል አለ፤ እስከ ስድስት ሰው አብሮ ይጫወታል። አቬንጀርስን አታገኙም፣ አብሮ የመጮሁ ደስታ ግን ያው ነው። አስፈሪ ጨዋታዎችም ስላሉት ለትንሹ ልጅ የሚሆነውን መርጠሽ፣ የዕድሜ ገደቡን ጠይቀሽ ያዢ። ካዞረሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ቁሚና ሠራተኛውን ጥሪ፤ መነጽሩን ወዲያው ያወልቅልሻል።