የሰኞው ሽያጭ ማክሰኞ አልከፈት አለ

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? ከደሴ ነው የምጽፍላችሁ። ለአጎቴ የእህል መጋዘን በጃቫ (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼለት ነበር። «ሽያጭ» የሚባል ክላስ (የመረጃ ቅርጽ) አለኝ፣ የቀኑን ሽያጭ ፋይል ላይ ያስቀምጣል። መጀመሪያ «ኖት ሲሪያላይዜብል ኤክሴፕሽን» የሚል ስህተት እያወጣ አስቸገረኝ። ሽያጭን ሲሪያላይዜብል (ፋይል ላይ ሊጻፍ የሚችል) ባደርገውም አልተወኝም። አንድ ጓደኛዬ «ደንበኛ የሚለውን ፊልድ (በክላሱ ውስጥ ያለ አንድ መረጃ) ትራንዚየንት በለው» አለኝ፤ አልኩት፣ ዝም አለ። ሰኞ የባቲ ገበያን ሽያጭ አስቀመጥኩና ማታውን «ዱቤ» የሚል ፊልድ ጨመርኩ። ማክሰኞ ጠዋት ፋይሉ «ኢንቫሊድ ክላስ ኤክሴፕሽን» ብሎ አልከፈትም አለኝ። አጎቴ «ድሮም ደብተሬ ይሻለኝ ነበር» እያለ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ! ብቻ ፋይሉን እንዳታጠፋው። መጀመሪያ ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ።

የስህተት መልእክቱን ረጋ ብለህ አንብበው። ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች አሉበት፤ «ስትሪም» ካለው ጋር ያለው የፋይሉ ነው፣ «ሎካል» ካለው ጋር ያለው የአሁኑ ክላስህ። ሲሪያል ቨርዥን ዩአይዲ የሚባለውን የክላሱን መለያ ቁጥር ራስህ ካልጻፍክ ጃቫ ከክላሱ ስም፣ ከፊልዶቹና ከሜተዶቹ አስልቶ ያወጣልሃል። ዱቤን ስትጨምር ቁጥሩ ተቀየረና አልተዋወቁም። ስለዚህ የፋይሉን ቁጥር ገልብጠህ ሽያጭ ውስጥ ሲሪያል ቨርዥን ዩአይዲ በሚል ስም ፕራይቬት ስታቲክ ፋይናል ሎንግ አድርገህ ጻፈው። የመቀነስ ምልክት ካለው እንዳትዘለው፣ መጨረሻው ላይም ኤል ጨምርበት። ይከፈትልሃል። ዱቤ ቁጥር ከሆነ 0 ሆኖ ይመጣል። የዋጋን ዓይነት ከኢንት (ሙሉ ቁጥር) ወደ ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ቀይረህ ቢሆን ኖሮ ግን ይሄ ዘዴ አያወጣህም ነበር።

አሁን ወደ ጓደኛህ ምክር። ትራንዚየንት ማለት «ይሄን አትጻፈው» ማለት ነው። ዝም ያለው ተስተካክሎ ሳይሆን ደንበኛውን ጥሎት ስለሄደ ነው! ትራንዚየንት ለዳታቤዝ ኮኔክሽንና ለመሳሰለው ነው እንጂ ለሰው ስም አይሆንም። መጀመሪያ ላይ የመጣው ስህተት ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ የክላስ ስም ጽፎልህ ነበር፣ ጥፋተኛው እሱ ነው። ደንበኛ የሚለውንም ክላስ ሲሪያላይዜብል አድርገውና ትራንዚየንቷን አንሳ። ደንበኛን ሌላ ክላስ ውስጥ ስታቲክ ሳትለው ጽፈኸው ከሆነ ደግሞ የውጭውን ክላስ እየጎተተ ይመጣልና አውጥተህ ለብቻው አስቀምጠው።

የሰኞ ደንበኞች ስም ግን ፋይሉ ውስጥ የለም፣ ነል (ባዶ) ሆኖ ነው የሚመጣልህ። አጎትህ ሰኞም በደብተሩ ሲጽፍ ከዋለ ስሙን ከእሱ ገልብጥ፣ ቢስቅብህም ቻለው።