ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ደመወዝ

ጥያቄ፦ በዚህ አምድ ስለ መጻሕፍት የሚጠየቁትን ስለሚመልሱ ነው የምጽፍልዎ። የፍራንዝ ካፍካን «ሜታሞርፎሲስ» አንድ ቅዳሜ ጀምሬ በዚያው ሌሊት ጨረስኩት። የቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ኪራዩም የታናናሾቼ የትምህርት ወጪም የሚሸፈነው ከእኔ ደመወዝ ነው። አንድ ማለዳ ሲነቃ ራሱን ነፍሳት ሆኖ ያገኘውን ግሬጎር ሳምሳን ሳነብ ስለ ራሴ ያነበብኩ ያህል ደነገጥኩ። ሰውየው ለምን ተለወጠ? እንዲያ የሚሳሳላት እህቱስ «እናስወግደው» ለማለት እንዴት ጨከነች?
ታላቂቱ ልጅ

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ቶሎ ልገላገለው። ለምን እንደተለወጠ መጽሐፉ አይናገርም፤ ግሬጎርም አጥብቆ አይጠይቅም። ጀርባው እንደ ጋሻ ጠጥሮ፣ ቀጫጭን እግሮቹ ዓይኑ ሥር እየተርመሰመሱ፣ እሱ የሚያስበው ስለ ባቡሩ ነው። ባቡሩ ከሄደ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖታል። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ታምሞ ያልቀረ ተጓዥ ጨርቅ ሻጭ አንድ ማለዳ ቢያረፍድ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሹም ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ወላጆቹ እየሰሙ፣ በእጁ ስላለፈው የድርጅቱ ገንዘብ በነገር ይወጋዋል። ነፍሳቱን ማመን አላስቸገረኝም፤ ያን ሹም ለማመን ግን ገጹን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ካፍካ በጀርመንኛ የተጠቀመበት ቃል «ኡንገትሲፈር» ይባላል። እኛ «ተባይ» እንደምንለው ያለ ቃል ነው፤ የጠራውን ነገር ሳይገልጸው ይፈርድበታል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1915 በመጽሐፍ መልክ ሊታተም ሲል፣ ነፍሳቱ በሽፋኑ ላይ ከሩቅ እንኳ እንዳይሳል አሳታሚውን ለምኗል። የእኛ «ጥገኛ» ደግሞ ከ«ተባይ»ም የባሰ ነው፦ አንጀት ውስጥ ያለውን ትልም፣ በሰው ደመወዝ የሚኖረውን ዘመድም በአንድ ስም እንጠራለን። እስከዚያች ማለዳ ድረስ በሳምሳ ቤት ጥገኛው ማን ነበር?

ለዚህ አንድ ቦታ ደግመሽ እንድታነቢ እፈልጋለሁ። አባትየው በልጁ ላይ የወረወረውን፣ ጀርባው ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረውን ፖም ሁሉም ያነሣዋል። እኔን ያስለቀሰኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ልጁ በተለወጠ በመጀመሪያው ቀን አባትየው ትንሿን የገንዘብ ሣጥን አውጥቶ ለሚስቱና ለሴት ልጁ የቤቱን ሒሳብ ያስረዳል። ግሬጎር ከበሩ ጀርባ ሆኖ ይሰማል። ለካ ከአምስት ዓመት በፊት የአባትየው ንግድ ሲከስር ሁሉም ነገር አልጠፋም ነበር። ግሬጎር ለራሱ ጥቂት ሳንቲም ብቻ እያስቀረ በየወሩ ያመጣ የነበረው ደመወዝም ሁሉ አላለቀም፤ ተጠራቅሟል። በዚያ ገንዘብ የወላጆቹን ዕዳ ቀንሶ ከዚያ ሥራ ቀደም ብሎ ሊገላገል ይችል ነበር። ታዲያ ምን አደረገ? ራሱን በደስታ እየነቀነቀ የአባቱን አርቆ አሳቢነት አደነቀ። እህቴ፣ እኔ ይህን አንብቤ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አስተውዪ። ለአምስት ዓመት ከወንበሩ መነሣት ያቃተው አባት የወርቅ አዝራር ያለው የደንብ ልብስ ለብሶ የባንክ ተላላኪ ይሆናል። እናት ለሱቅ የውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የአሥራ ሰባት ዓመቷ እህቱ ግሬቴ ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች፤ ማታ ማታ አጭር ጽሕፈትና ፈረንሳይኛ ትማራለች። መሥራት ይችሉ ነበር።

ስለ ግሬቴ ግን ካንቺ እለያለሁ። አባቴ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ከልጆቹ ሴቷ እኔ ስለነበርኩ ማስታመሙ ለእኔ ተተወ፤ ስምንት ወር። በመጀመሪያው ሳምንት የሚወዱትን ሁሉ እያፈራረቅሁ አቀርብላቸው ነበር። ግሬቴም እንዲሁ አድርጋለች፦ ወንድሟ ወተቱን ሳይነካው ሲቀር፣ የትኛው እንደሚስማማው ለማወቅ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ የበሰበሰ አትክልት፣ አጥንት፣ ዘቢብ፣ አይብ ደርድራ አቀረበችለት፤ ሲበላ እንዳያፍር ብላም ቶሎ ወጣች። ያን ቀን ከእርሷ የሚበልጥ ደግ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። በአራተኛው ወር ግን እኔ ክፍሉ ስገባ ከአባቴ ፊት በፊት የማየው መስኮቱን ነበር። ግሬቴ በብርድም ቢሆን ሮጣ መስኮቱን ከፍታ አየር ስትስብ፣ ግሬጎርም ከሶፋው ሥር ሆኖ ሲያያት፣ ጸሐፊው እኔን ከየት አወቀኝ ብያለሁ። አባቴም ያዩኝ ነበር። ሁለታችንም አንድ ቀን አንሥተነው አናውቅም።

ካፍካ ከሕይወቱ የወሰደው ነገርም አለ። የሚሠራው በፕራግ የሠራተኞች አደጋ መድን ድርጅት ነበር፤ የሚኖረውም ከወላጆቹ ጋር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1912 ቤተሰቡ ገንዘብ ያስገባበትን የአዝቤስቶስ ፋብሪካ እንዲቆጣጠር ወላጆቹ ሲወተውቱት፣ ከእህቶቹ ሁሉ አብልጦ የሚወዳት ኦትላም ከእነርሱ ጋር ቆመችበት። ይህን ለወዳጁ ለማክስ ብሮድ በምሬት ጽፎለታል። «ሜታሞርፎሲስ»ን የጀመረው በሚቀጥለው ወር ነው።

የአንቺን ነገር በሚመለከት፣ ደመወዝሽን አትስጪ አልልሽም። ነገር ግን ሒሳቡን እዪው። «በወር ስንት ይገባል፣ ስንት ይወጣል፣ እስከ መቼ?» ብለሽ አባትሽንና እናትሽን አስቀምጠሽ ጠይቂያቸው። ግሬጎር ይህን አንድ ቀን አልጠየቀም፤ ከበር ጀርባ ነው የሰማው። ቢቆጡሽም የሚቆጡት ፊት ለፊት ነው።

የመጨረሻዋን ገጽ ደግሞ ቀስ ብለሽ አንብቢያት። ግሬጎር ሞቷል፤ ሦስቱ ከየሥራቸው ለመቅረት ሦስት ደብዳቤ ጽፈው በትራም ከከተማ ወጥተዋል፤ ፀሐይ ገብቶላቸዋል። ወላጆቹ ልጅቱን ይመለከቷታል፤ አምራለች፤ ጥሩ ባል የሚፈለግላት ጊዜ ደርሷል ብለው በልባቸው ያስባሉ። ከታናናሾችሽ መካከል እህት ካለች መጽሐፉን አውሺያት።