ጎማው ይቅደም፦ አሮጌ ላንድክሩዘር ለሚያድሱ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራ ቶዮታ ላንድክሩዘር ኤፍጄ 45 ፒካፕ እያደስኩ ነው። ባለ 35 ኢንች ጎማ ገጥሜ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ላደርገው አስቤያለሁ። በያጁ ደግሞ የላንድክሩዘር 60 ሞዴሉን አክስል ከሶማሌ ተራ ግዛ ይለኛል። ከየት ልጀምር? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ከጎማው ይጀምሩ። ከፍታውንም አክስሉንም የሚወስነው እሱ ነው። የድሮው 7.50-16 ጎማ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ 33ቱ 84፣ ባለ 35ቱ 89 ይሆናል። ዲፈረንሻሉ ከመሬት የሚርቀው ግን በልዩነቱ ግማሽ ነው፤ ባለ 35ቱ ይህን ሁሉ ጣጣ አምጥቶ የሚጨምርልዎ 4.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ጣጣው ምንድን ነው? 4.11 የሆነው ዲፈረንሻል (ጎማው አንዴ ሲዞር ካርዳኑ 4.11 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው) በ35 ጎማ 3.70 እንደሆነ ያህል ይከብዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ቀድሞውኑ አጥቷል። በሦስተኛ ማርሽ የሚወጡት የቸርችል ዳገት ሁለተኛ ይጠይቃል፤ ሲወርዱ ደግሞ የታምቡር ፍሬኑ ይደክማል። ቆጣሪው 80 ሲል እርስዎ በ89 እየነዱ ነው። መሪ ጥግ ድረስ ጠምዝዘው በፎርዊል ሲያስገድዱትም የፊት አክስሉ መጋጠሚያ ይሰበራል።

ስለዚህ 33 በ10.5 ኢንች (ቁመት በስፋት) ይግጠሙ፤ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃዋል። ቸርኬው ባለ 6 ቀዳዳ፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትር 139.7 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።

ከፍታውን በአዲስ ባሌስትራ ያምጡት። ከፊት አክስልና ባሌስትራ መካከል ብረት ወይም እንጨት ማስገባት በፍጹም አይሞከር፤ ፍሬን ሲይዙ ተንሸራቶ ይወጣል። የባሌስትራውን ተወዛዋዥ ማያያዣ ማስረዘም ርካሽ ነው፣ ነገር ግን 5 ሳንቲ ሜትር ቢያስረዝሙ የሚያገኙት 2.5 ነው። የፊት አክስሉም ስለሚዘም መኪናው በመንገድ ላይ ይዋልላል፤ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ባለው ሽብልቅ ይስተካከላል። ሥራው ሲያልቅ ሻንሲውን በክሪክ አንስተው ጎማዎቹን ያንጠልጥሉ፦ የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ከተወጠረ ረጅሙን ይቀይሩ፣ ክሮቼራውም (የካርዳኑ መስቀለኛ መጋጠሚያ) እንዳይነካካ በእጅ እያዞሩ ይዩ።

አክስሉን ይተዉት። የ60ው ሰፋ ይላል፣ የባሌስትራው መቀመጫ አይገጥምም፤ ተቆርጦ እንደገና ሲበየድ ደግሞ በያጁ በአንድ ጊዜ ከጨረሰው የአክስሉ ቱቦ ይጣመማል፣ ኩሽኔታ ይበላል። የግድ ከሆነ የፊትና የኋላው ዲፈረንሻል ቁጥር (4.11 ወይም 3.70) አንድ ዓይነት መሆኑን ሳያዩ አይክፈሉ፤ አለበለዚያ አስፋልት ላይ ፎርዊል ሲገባ ካምቢዮው ይጨናነቃል። አንዱን ጎን አስይዘው ሌላውን ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት፤ ፒኞኑ (ካርዳኑ የሚታሰርበት ጥርስ) ከ4 ዙር ትንሽ ካለፈ 4.11፣ 4 ሳይሞላ ከቆመ 3.70 ነው።

ጥያቄ፦ የድሮው ባለ ቀለበት ቸርኬ ላይ ቱብለስ ጎማ ይሄዳል? (ከልደታ)

መልስ፦ ያለ ከመነዳሪ አይሄድም፤ በቀለበቱ በኩል ይተነፍሳል። የሚያስፈራው ግን ቀለበቱ ራሱ ነው፦ ዝገት ካለበት ወይም በትክክል ካልተቀመጠ ሲነፋ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ጎሚስታው በሰንሰለት አስሮ፣ ፊት ለፊት ሳይቆም ይንፋው። ያገለገለ ጎማ ሲገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም 10 ዓመት ያለፈውን አይግዙ።