ያልተማከሉ ማኅበራዊ መረቦች፦ የትኛው አፕ፣ የማን ሰርቨር? ጥያቄና መልስ

ስለ ማስቶዶን፣ ብሉስካይና ማትሪክስ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለበዙ ሰብስቤ አንድ ላይ ልመልስ። ያልተማከለ የምንለው፣ የተለያዩ ሰዎች የየራሳቸውን ሰርቨር (መልእክቱ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) አቁመው እርስ በርስ የሚያገናኙበትን መረብ ነው፤ ማስቶዶንና ብሉስካይ ለአደባባይ ጽሑፍ፣ ማትሪክስ ለቻት። ሥራዬ ሰርቨር ማስተዳደር ነውና መልሶቼ ከአፑ ይልቅ ወደ ሰርቨሩ ቢያደሉ አትገረሙ።

ከፌስቡክ ወጥቼ ማስቶዶን ልገባ ነው። ምስጢር የሚጠብቀው አፕ የትኛው ነው?

አንድሮይድ ከሆነ ቱስኪ፣ አይፎን ከሆነ አይስ ኪዩብስ። የሁለቱም ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማስታወቂያም የላቸውም። ግን አፑ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን መልእክትህ የሚያርፈው ሰርቨሩ ላይ ነው። ማስቶዶን ላይ ለአንድ ሰው ብቻ ብለህ የምትልከው መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ አይመሰጠርም፤ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ተደርጎ አይቆለፍም፤ ያንተም የተቀባዩም ሰርቨር አድሚን ከፈለገ ሊያነበው ይችላል። ሌላም ወጥመድ አለ። ሁለት ሆናችሁ ስለ ሦስተኛ ሰው ስታወሩ አካውንቱን በ@ ከጠራኸው፣ ያ መልእክት ለእሱም ይደርሰዋል። ስንቱ ተጣልቶበታል!

አድሚኑን በአካል አውቀዋለሁ፣ ታማኝ ሰው ነው። አይበቃም?

አይበቃም። ኮሌክቲቫ የሚባለውን የማስቶዶን ሰርቨር ታሪክ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ኤፍቢአይ አሜሪካ ውስጥ የአንዱን አድሚን ቤት ፈተሸ። ምክንያቱ ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ሰውየው ግን በዚያው ሰሞን ለጥገና ብሎ ያልተመሰጠረ የዳታቤዝ ቅጂ ቤቱ አስቀምጦ ስለነበር ከሌላው ዕቃ ጋር አብሮ ተወሰደ። የተጠቃሚዎቹ ኢሜይል፣ ጽሑፍና የግል መልእክት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ሰውየው ማንንም አልከዳም፤ ቤቱ ተፈተሸ እንጂ።

ስለዚህ ሰርቨር ስትመርጥ «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ አንብብ። ማን ነው የሚያስተዳድረው? በየትኛው አገር ሕግ ሥር ነው? ወጪውን ማን ይሸፍናል? የአይፒ አድራሻህን (ከየት ሆነህ እንደገባህ የሚጠቁመውን ቁጥር) ለምን ያህል ጊዜ ያቆያሉ? ብዙዎች ሳይነኩት የሚለጥፉት የማስቶዶን የተዘጋጀ የግላዊ መረጃ አያያዝ መመሪያ እስከ 12 ወር ይፈቅዳል፤ ለእኔ ይህ በጣም ረጅም ነው። የመጠባበቂያ ቅጂውን ይመሰጥሩት እንደሆነም ጻፍና ጠይቅ። የማይመልስ አድሚን መልሱን ሰጥቶሃል።

ልጄ፣ ሜሪላንድ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። አባሎቻችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነን፤ የመዋጮና የሕመም ጉዳይ ሁሉ እዚያ ይወራል። ወደ ማትሪክስ እንሂድ ይሉኛል ወጣቶቹ።

ጋሼ፣ ከቴሌግራም ግሩፕ መውጣትዎ ተገቢ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ የለውም፤ ያ ያለው በሁለት ሰው ምስጢራዊ ቻት ላይ ብቻ ነው።

ማትሪክስ ጥሩ ነው፤ ኤለመንት በሚባለው አፕ ይገቡበታል። የፈረንሳይ መንግሥት ለሠራተኞቹ ያዘጋጀው ቻፕ የተባለ የመልእክት አፕ የተሠራው በዚሁ ነው። ምስጠራው አንዴ ከበራ ተመልሶ አይጠፋም። ሆኖም ማን ከማን ጋር በየትኛው ክፍል (ማትሪክስ ግሩፕን የሚጠራው እንዲህ ነው) እንዳለ፣ የክፍሉም ስም፣ ለሰርቨሩ ይታያል። ከዚያ የማገገሚያ ቁልፍ የሚሉት ነገር አለ፦ ስልክ ጠፍቶ ቁልፉም ከሌለ የድሮው መልእክት አይከፈትም። ሁሉም አባል ይህን ቁልፍ በወረቀት ጽፎ ያስቀምጣል ብለው ያምናሉ?

ካላመኑ፣ እኔ ያልተማከለ ነገር ወዳጅ ብሆንም፣ ለዕድርዎ የምመርጠው ሲግናል የሚባለውን የመልእክት አፕ ነው። አንድ ድርጅት የሚያስተዳድረው ማዕከላዊ ነገር ነው፤ ግን ግሩፑም ምስጠራ አለው፣ እስከ 1,000 ሰው ይይዛል፣ ለትልልቅ ሰዎችም አያስቸግርም። ወጣቶቹ ቢያኮርፉ ሰርቨሩን ሌሊት ተነሥተው የሚጠግኑት እነሱ መሆናቸውን ይጠይቁልኝ።

ብሉስካይስ?

ለአደባባይ ወሬ ጥሩ ነው። የወደድከው፣ የምትከተለው፣ ያገድከው ሰው ሳይቀር ለማንም የሚታይ መረጃ ነው። ምስጢር አትጻፍበት።

ኖስትር የሚባለው ያልተማከለ መረብ ስልክም ኢሜይልም አይጠይቅም አሉ።

እውነት ነው፤ ቁልፍ (ረጅም የምስጢር ኮድ) ብቻ ነው ያለህ። ቁልፉ ከጠፋ የሚመልስልህ የለም። ከተሰረቀም እንደ ፓስዎርድ አትቀይረውም፤ ሌባው አንተን ሆኖ ይኖራል።

ዳታ ለመቆጠብ ኤፒኬውን (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይሉን) ከቴሌግራም ቻናል ባወርደውስ? ሰፈራችን ያለው ሞባይል ቤትም ይጭንልሃል ብሎኛል።

ተው። ክፍት ኮድ ያለውን አፕ ማንም ወስዶ የራሱን ነገር ጨምሮበት መልሶ ሊያከፋፍለው ይችላል፤ ምልክቱም ስሙም ያው ነው። ኤፍ-ድሮይድ የሚባለውን የክፍት ኮድ አፖች ማከማቻ ከራሱ ድረ ገጽ አውርድ። ኤፍ-ድሮይድ ካለው ጓደኛህ ደግሞ በዋይፋይ ያለ ዳታ አፕ መቀባበል ትችላላችሁ።

ይህን አጥብቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ቡድን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ውጭ አገር ያሉ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃዋሚዎች በኢሜይል የቪዲዮ ሊንክ ይላክላቸው ነበር። ሲከፍቱት አዶቤ ፍላሽን (ያኔ ለቪዲዮ ማጫወቻ ያገለግል የነበረውን ፕሮግራም) አድሱ ይላቸዋል፤ የሚጫነው ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ነበር። መሣሪያህ ከተያዘ የትኛውም ምስጠራ አያድንህም፤ ሰላዩ የሚያነበው አንተ የምታነበውን ስክሪን ነው።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያልተማከለው ይሠራል?

መዘጋት ሁለት ዓይነት ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. እንደሆነው ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተለይተው ሲታገዱ፣ በብዙ አድራሻ የተበተነ መረብ ሁሉንም ለቅሞ ለመዝጋት ያስቸግራል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ እንደሆነው ኢንተርኔቱ ራሱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲጠፋ ግን ማስቶዶንም ማትሪክስም ያው ዝም ነው። ያኔ የሚሠራው ብራየር የሚባለው የመልእክት አፕ ነው፤ ከስልኮች ለአንድሮይድ ብቻ ነው፣ በብሉቱዝና በዋይፋይ ከስልክ ወደ ስልክ ይልካል። ከቦሌ ፒያሳ ያደርሳል ብለህ እንዳታስብ፤ የሚያገለግለው አንድ ግቢ ወይም አንድ ሕንፃ ውስጥ ላለ ሰው ነው። ቀድማችሁ ጭናችሁ፣ ተገናኝታችሁ የአንዱን ኮድ አንዱ ስካን ካላደረገ ደግሞ ያን ቀን ይቸግራችኋል።

የማስቶዶን ሰርቨሬ ድንገት ቢዘጋ ምን ይውጠኛል?

በማስቶዶን ይፋ ገጽ ላይ የተዘረዘሩ ሰርቨሮች ከመዝጋታቸው በፊት ቢያንስ የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ለመስጠት ቃል ገብተዋል፤ ከእነዚያ ምረጪ። ሰርቨሩ ሳይዘጋ ከቀየርሽ ተከታዮችሽ አብረውሽ ይሄዳሉ፣ የጻፍሽው ግን እዚያው ይቀራል። የምትከተያቸውን ሰዎች ዝርዝር ከሴቲንግ ገብተሽ ዛሬውኑ አውርጂና አስቀምጪ።