ከቆዳዬ እንቁላል ይሰራልኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። 31 ዓመቴ ነው፣ ወር አበባዬ ከቆመ ቆየ፣ ሐኪም እንቁላልሽ ያለጊዜው አልቋል አለኝ። ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ አሜሪካ ከቆዳ ሴል እንቁላል ተሰራ ሲሉ ሰማሁ፣ አረብ ሀገር ያለችው እህቴ ብር ልላክልሽ እያለች ነው። እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ እህትሽ ብሩን አሁን እንዳትልክ። በአይጥ ተችሏል፣ በሰው ግን እንዲህ በተሰራ እንቁላል የተወለደ ልጅ የለም።

ለምን ከበደ ካልሽ፣ የእንቁላል ነገር የሚጀምረው ሴቷ ራሷ እናቷ ሆድ ውስጥ እያለች ነው፣ ገና በሁለት በሦስት ሳምንቷ ጥቂት ሴሎች ለዘር ይለያሉ፣ ከዛ ኦቫሪ (እንቁላል የሚቀመጥበት አካል) ወደሚሆነው ቦታ ራሳቸው ተጉዘው ይገባሉ፣ በዛው ሰሞን ደግሞ የትኛው ጂን ይስራ የትኛው ይዘጋ የሚሉት ዲኤንኤው ላይ ያሉ ምልክቶች በብዛት ይጠፉና እንደ አዲስ ይጀመራል። በ20ኛው ሳምንት 6 ወይ 7 ሚሊዮን ይደርሳሉ፣ ስትወለድ የሚቀራት ግን 1 ወይ 2 ሚሊዮን ነው፣ ከዛ መቀነስ ብቻ። ቶሎ የሚያልቅባቸው ሴቶች ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እንኳን አይገኝም፣ እባክሽ ራስሽን አትውቀሺ።

ይሄን ጉዞ ላብራቶሪ ውስጥ የደገሙት ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች ሳይቶና ሃያሺ ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። በ2012 ከአይጥ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መቀየር የሚችል ሴል) እንቁላል ሰርተው ጤነኛ ግልገል አስወለዱ፣ በ2023 ሃያሺ ከወንድ አይጥ ሴል ሳይቀር እንቁላል ሰራ፣ ግን ማህፀን ከገባው 630 ፅንስ የተወለደው 7 ብቻ ነው! በሰው በ2018 ኪዮቶ ላይ ከደም የተሰራ ስቴም ሴል ከአይጥ ኦቫሪ ሴል ጋር 4 ወር ገደማ አሳድገው የደረሱት እንቁላል ከመሆኑ በፊት ያለው ደረጃ ላይ ነው።

ቲክቶክ ላይ የሰማሽው የ2025ቱ አሜሪካ ኦሪገን ላይ የተሰራው ስራ ይመስለኛል፣ እሱ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው፣ የቆዳ ሴል ኒውክለስ (ዲኤንኤው ያለበት ክፍል) የሌላ ሴት እንቁላል ውስጥ ከተው 46ቱን ክሮሞዞም (ዲኤንኤ የተጠቀለለባቸው ክሮች) ወደ እንቁላል ልክ ወደ 23 ለማውረድ ሞከሩ፣ ክሮሞዞሞቹ ግን በትክክል አልተከፋፈሉም፣ ስለዚህ ለእርግዝና አይሆንም።

አሁን የሚጠቅምሽ ሐኪምሽን ስለ ሆርሞን መተኪያ መጠየቅ ነው፣ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን በዚህ እድሜ ሲጎድል አጥንትም ልብም ይጎዳል። ደግሞም እንዳንቺ ካሉት ከመቶ 5 እስከ 10ሩ በራሳቸው ያረግዛሉ፣ ኦቫሪሽ አልፎ አልፎ ይሰራ እንደሆነም ጠይቂው።